ሪፖርቱ ታትሟል፤ ሰነዱስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም በቅኝ ግዛት ዘመን ስለተነሡ ዐመፆችና መንግሥታት ስለ እነርሱ ስላወጡት ሪፖርት የተጻፉልንን አራት ደብዳቤዎች እናስተናግዳለን። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ስለተነሣው ስለ ኬንያው የማው ማው ዐመፅ ሳስተምር የእንግሊዝ መንግሥት በ1960 ጉዳዩን የሚመለከት ወፍራም ሪፖርት በይፋ እንዳሳተመ ለተማሪዎቼ ነግሬአቸው ነበር። አንዲት ተማሪ ግን «በይፋ ከታተመ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተደብቆ ተገኘ የሚባለው ሰነድ ታዲያ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝና አጥጋቢ መልስ ልሰጣት አልቻልኩም። አንድ መንግሥት ሪፖርቱን ካሳተመ የግልጽነት ግዴታውን ተወጥቷል ማለት አይቻልም ወይ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ተማሪዎ የጠየቀችው የነገሩን ሥር ነው። ሪፖርት ማሳተምና ሰነድን ለሕዝብ መክፈት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መንግሥት ሪፖርት ሲያሳትም እርሱ ሊናገር የፈለገውን ይናገራል፤ ሪፖርቱ የቆመበትን መዝገብ ሲከፍት ግን የተናገረው እውነት መሆኑን ሌላ ሰው እንዲመረምር ይፈቅዳል። የእንግሊዝ መንግሥት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ በ1959 እና በ1960፣ ስለ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ለፓርላማ ያቀረባቸውን ሰነዶች ጎን ለጎን ያየ ሰው ይህን ልዩነት በግልጽ ይረዳዋል።

እርስዎ የጠቀሱት ሪፖርት በጸሐፊው በፍራንክ ኮርፊልድ ስም የሚጠራው ነው። ኮርፊልድ ቀደም ሲል በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ውስጥ ያገለገሉ ሹም ሲሆኑ፣ የማው ማውን አመጣጥና መስፋፋት እንዲያጠኑ የተመደቡትም ዐመፁን ሲዋጋ በነበረው በራሱ በቅኝ ገዥው አስተዳደር ነበር። ሌላ ማንም ያላያቸውን የመንግሥት ምስጢራዊ መዝገቦች እንዲያገላብጡ ተፈቀደላቸው። ያወጡት ጽሑፍ የኪኩዩ ሕዝብ በመሬቱ መነጠቅ ምክንያት የተሰማውን ብሶት ዝቅ አድርጎ፣ ጆሞ ኬንያታን የእንቅስቃሴው ዋና ቀያሽ አድርጎ ያቀረበ ነው። በሜይ 1960 ሲታተም አገረ ገዥው ፓትሪክ ሬኒሰን ኬንያታን ሕዝቡን ወደ ጨለማና ወደ ሞት የሚመራ ሰው ሲሉ በአደባባይ ገለጹት። ኬንያታ በዚያን ሰዓት ከናይሮቢ ርቆ በግዞት ላይ ስለነበር ለክሱ መልስ የሚሰጥበት መድረክ አልነበረውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ሰው በሕዝብ ምርጫ የኬንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የኮርፊልድን ሪፖርት በዚያን ዘመን ያነበበ ሰው ድምዳሜውን ከመቀበል ወይም ካለመቀበል በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ የተጠቀሱትን መዝገቦች ከፍቶ የተዘለለውን ገጽ ማየት አይችልምና። ይህ የታተመ ሪፖርት ነው፤ ግልጽነት ግን የለበትም።

ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የሆላ ሰነድ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ሆላ በኬንያ፣ ጣና በሚባለው ወንዝ አጠገብ የነበረ የእስረኞች ካምፕ ነው። በማርች 3 ቀን 1959 ሰማንያ አምስት እስረኞች የመስኖ ቦይ እንዲቆፍሩ ወጥተው፣ ጠባቂዎች በዱላ እየደበደቡ ሊያሠሯቸው ሲሞክሩ አሥራ አንዱ ሞቱ። ከናይሮቢ የወጣው የመጀመሪያው የመንግሥት መግለጫ ግን ሰዎቹ የሞቱት በጋሪ ከተጫነ በርሜል ውኃ ከጠጡ በኋላ እንደሆነ የሚያትት ነበር። መግለጫው መደብደባቸውን አላነሣም። አንባቢው ውኃው ተመርዞ ይሆናል ብሎ እንዲያስብ ተተወ። ውሸቱ የፈረሰው አስከሬኖቹ በሐኪም ሲመረመሩ ነው፤ የሞታቸው መንስኤ ብዙ ቦታ ላይ ያረፈ ድብደባና እርሱ ያስከተለው የደም መፍሰስ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያም በዳኛ ፊት በተካሄደው የአሟሟት ምርመራ፣ እምቢተኛ እስረኞችን በጉልበት ወደ ሥራ ማስገባት አስቀድሞ በጽሑፍ የታቀደና በበላይ ሹማምንት የታወቀ አሠራር እንደነበር ወጣ። በለንደን የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ አባላት፣ ከእነርሱም ባርባራ ካስል በተለይ፣ ሳያቋርጡ ስለ ጠየቁ መንግሥት በጉዳዩ ላይ የነበሩትን ሰነዶች በጁን ወር ለፓርላማ አትሞ አቀረበ።

ከሪፖርቱ ጋር ሰነዶቹ ራሳቸው በመታተማቸው የምክር ቤት አባላት በሚኒስትሩ ማጠቃለያ ላይ ብቻ ሳይወሰኑ ደብዳቤውን፣ ዕቅዱንና የምስክሩን ቃል እያነጻጸሩ መከራከር ቻሉ። በጁላይ 27 ለሊቱን በዘለቀው ክርክር እጅግ ከባዱን ንግግር ያደረጉት የገዥው ፓርቲ አባል የነበሩት ኢኖክ ፖዌል ናቸው፤ ለአፍሪካ አንድ፣ ለእስያ ሌላ፣ ለአገር ቤት ደግሞ የተለየ የተጠያቂነት መለኪያ ሊኖረን አይችልም ብለው ተናገሩ። እኚህ ሰው በኋላ ስለ ስደተኞች በተናገሩት ነገር ስማቸው በክፉ የሚነሣ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ የዚያን ሌሊት ንግግራቸው ግን በታተመ ሰነድ ላይ የቆመ ስለነበር የገዛ ፓርቲያቸው ሚኒስትሮች መልስ አጡለት። ይሁን እንጂ በአሥራ አንዱ ሰዎች ግድያ አንድም ሰው ለፍርድ አልቀረበም፤ ይህንም ለተማሪዎችዎ ሳይነግሩ አይለፉ።

በዚያው ማርች 3 ቀን 1959፣ ሰዎቹ ሆላ ላይ ሲሞቱ፣ ወደ ደቡብ ራቅ ብላ በምትገኘው በኒያሳላንድ፣ በዛሬዋ ማላዊ፣ አገረ ገዥው ሮበርት አርሚቴጅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው የነጻነት ንቅናቄውን መሪ ዶክተር ሄስቲንግስ ባንዳንና ብዙ ተከታዮቻቸውን ከየቤታቸው አሳሰሩ። በተከተለው ግጭት ሃምሳ አንድ አፍሪካውያን ተገደሉ፤ ከእነዚህ ሃያዎቹ የወደቁት በማላዊ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በንካታ ቤይ ነው። መንግሥት ለአዋጁ የሰጠው ምክንያት ነጮችን ለመጨፍጨፍ ሤራ ተጠንስሷል የሚል ነበር። በዳኛ ፓትሪክ ዴቭሊን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ እስከ ቦታው ሄደ፤ እስረኞችንና የመንደር ሰዎችንም ጭምር ሰማ። በጁላይ 1959 ባወጣው ሪፖርት የግድያ ሤራ የሚባለው ነገር እንዳልነበረ፣ ኒያሳላንድም፣ ለጊዜውም ቢሆን፣ በፖሊስ የምትገዛ አገር እንደሆነች ጻፈ።

መንግሥት የዴቭሊንን ሪፖርት አላፈነውም፤ አሳተመው። ነገር ግን ረቂቁ ከእጁ እንደገባ ሚኒስትሮችና ሹማምንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መኖሪያ በቼከርስ ተሰብስበው ማስተባበያ አረቀቁ፤ ማስተባበያውም በአገረ ገዥው በአርሚቴጅ ስም ከሪፖርቱ ጋር በአንድ ቀን ለፓርላማ ቀረበ። አንባቢው ሁለት ወረቀት ደረሰው። አንደኛው ለሳምንታት ምስክር ሲሰማ የቆየ ዳኛ የጻፈው ነው፤ ሌላውን የጻፉት ተከሳሾቹ ራሳቸው ሲሆኑ የወጣው ግን እንደ አንድ አገረ ገዥ ዘገባ ሆኖ ነው። ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ከመንግሥት ጎን ቆመ። የሆነ ሆኖ ሪፖርቱ በሕዝብ እጅ ስለገባ እንደገና ሊመልሱት አልቻሉም፤ ባንዳ በአፕሪል 1960 ተፈቱ፤ አገሪቱም በጁላይ 1964 ነጻ ወጣች።

እንግዲህ ለተማሪዎ የሚሰጡት መልስ ከዚህ ይወጣል። ሪፖርቱን የጻፈው በማን የተሾመ ሰው ነው? የተጎዱትን ሰምቷል ወይስ የመንግሥትን መዝገብ ብቻ አንብቧል? የተመሠረተባቸው ወረቀቶችስ ዛሬ የት ናቸው፣ ማን ሊያያቸው ይችላል? ከእነዚህ የመጨረሻው ሲመለስ ስለ ግልጽነት ሊባል የሚችለው ይታወቃል። በ1960 ለታተመው የኮርፊልድ ሪፖርት መልሱ «ማንም ሊያያቸው አይችልም» የሚል ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተገኘውም ከዚያው ከተቆለፈው ክፍል የመጣ ወረቀት ነው። እርሱን በሚቀጥለው መልስ እናየዋለን።

ጥያቄ፦ በሥራ ምክንያት ናይሮቢ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። እዚህ ያሉ አረጋውያን ስለ እስር ካምፖቹ ሲያወሩ እሰማለሁ። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲያውቁ ደግሞ «ጄኔራል ማቴንጌ ወደ እናንተ አገር ተሻግሮ ነበር፤ ምን ደረሰ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። የተደበቁት ሰነዶች ምን ነበሩ? እንዴት ተገኙ? ዛሬስ ማንም ሰው ሊያነባቸው ይችላል? (ከናይሮቢ)

መልስ፦ በ1961 የእንግሊዝ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር የነበሩት ኢየን ማክላውድ ነጻነታቸው ለተቃረበ ግዛቶች አንድ መመሪያ ላኩ። ለተተኪዎቹ መንግሥታት የማይተላለፉ ወረቀቶች በመመሪያው ተዘረዘሩ፦ የእንግሊዝን ወይም የሌላን መንግሥት ሊያሳፍሩ የሚችሉ፣ ፖሊሶችን፣ ወታደሮችን፣ ሹማምንትንና እንደ ጠቋሚ ያሉ ሌሎች ሰዎችን ሊያሳፍሩ የሚችሉ፣ የስለላ ምንጭን የሚያጋልጡ፣ የአዲሱ መንግሥት ሚኒስትሮችም ያለ አግባብ ሊጠቀሙባቸው የሚችሉ ወረቀቶች። ዝርዝሩ የሚጀምረው ከመንግሥት እፍረት መሆኑን ልብ ይበሉ።

አፈጻጸሙ በዝርዝር የተደነገገ ነበር። በኬንያ መዝገቦቹ በሁለት ተከፈሉ፤ ለአዲሱ መንግሥት የሚቀሩት በአንድ ወገን፣ ከአፍሪካውያን ዓይን የሚሰወሩት በሌላ ወገን ሆኑ። ሁለተኞቹ የእንግሊዝኛው «ደብሊው» ፊደል ማኅተም ይመታባቸው ነበር። እነርሱን መንካት የተፈቀደው የአውሮፓ ዘር ላለው የእንግሊዝ ዜጋ ብቻ ነው። አንድ ምስጢራዊ ፋይል ከመደዳው ሲወጣ ጉድለቱ እንዳይታወቅ የሐሰት ፋይል ተዘጋጅቶ በቦታው እንዲገባ ታዘዘ። የሚቃጠለው ወረቀት አመድ ከሆነ በኋላ አመዱም እንዲበታተን፣ ወደ ባሕር የሚጣለው ደግሞ ክብደት ባለው ሣጥን ታሽጎ ከባሕሩ ዳርቻ በተቻለ መጠን ርቆ፣ ጥልቅና ሞገደ-ጸጥ በሆነ ቦታ እንዲሰጥም ተጻፈ። ይህን የምናውቀው ትእዛዙን የያዙት ወረቀቶች ራሳቸው ሳይቃጠሉ ስለ ተረፉ ነው።

ያልተቃጠለው ክፍል በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ተጓዘ። ከኬንያ ብቻ 1,500 ያህል ፋይሎች በ300 ሣጥን ታሽገው ሄዱ። የኬንያ መንግሥት በ1967 እንዲመለሱለት ጠይቆ ነበር፤ ተከለከለ። ወረቀቶቹ የእንግሊዝ የመንግሥት መዛግብት ሕግ በሚያዘው መሠረት ተመርምረው ለሕዝብ እንዳይከፈቱ የቅኝ ግዛቶቹ ናቸው ተባለ፤ ለቀድሞዎቹ ቅኝ ግዛቶችም እንዳይመለሱ የእንግሊዝ ንብረት ናቸው ተባለ። በዚህ መካከል ባለቤት አልባ ሆነው፣ ከለንደን ሰሜን ምዕራብ ሃንስሎፕ ፓርክ በሚባል፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በሚጠብቀው ግቢ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተቀመጡ።

ያስወጣቸው የመንግሥት በጎ ፈቃድ አይደለም። በ2009 በካምፖቹ ውስጥ ግፍ የተፈጸመባቸው ጥቂት ኬንያውያን አረጋውያን የእንግሊዝን መንግሥት በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱ። የታሪክ ተመራማሪው ዴቪድ አንደርሰን ለፍርድ ቤቱ በሰጡት ቃል፣ በነጻነት ዋዜማ ከናይሮቢ የተጓጓዙ ሰነዶች መኖራቸውን የሚያሳይ የጽሑፍ ፈለግ እንዳለ ገልጸው መንግሥት እንዲያቀርባቸው ጠየቁ። በ2011 መጀመሪያ ሚኒስቴሩ ሰነዶቹ መኖራቸውን አመነ። ሲቆጠሩ የኬንያዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ከ37 የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች የመጡ 8,800 ያህል ፋይሎች ተገኙ፤ ፍተሻው ሲሰፋ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ከፍ አለ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የታዘዙት የቀድሞ ዲፕሎማት አንቶኒ ኬሪ ያዘጋጁት ሪፖርት በዚያው ዓመት ታተመ። ስለ ተደበቀ ሰነድ የሚናገር፣ ሚኒስቴሩንም የሚወቅስ ሪፖርት መታተሙ ሊመሰገን ይገባል።

ሰነዶቹ በችሎቱ ላይ ያመጡት ለውጥ ከፍተኛ ነው። በኦክቶበር 2012 ዳኛ ማክኮምብ ክሱ እንዲቀጥል ሲፈቅዱ፣ መንግሥት «ዘመኑ ረዝሟል፣ ፍትሐዊ ችሎት ሊኖር አይችልም» በማለት ላቀረበው መከራከሪያ ከሰጡት መልስ አንዱ፣ የዘመኑ አስተዳዳሪዎችና የጦር አዛዦች መዝገብ አያያዛቸው የተጠነቀቀ በመሆኑ ብዙ ሰነድ በእጅ አለ የሚል ነበር። በጁን 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሄግ ኬንያውያን መሠቃየታቸውን ለፓርላማ አምነው መጸጸታቸውን ገለጹ፤ ለ5,228 ሰዎችም ወጪውን ጨምሮ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚከፈል አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ወደ 40,000 የሚጠጉ ሌሎች ኬንያውያን ያቀረቡት ክስ ግን በ2018 በይርጋ ምክንያት ወደቀ። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ማስረጃውን ቆልፎ የያዘው ወገን፣ በዘመኑ መርዘም በፍርድ ቤት መጠቀሙ ለእኔ በምንም ሚዛን ፍትሕ ሆኖ አይታየኝም።

ወደ ጄኔራል ማቴንጌ እንመለስ። ስታንሊ ማቴንጌ ከዴዳን ኪማቲ ጋር በጫካ ሲዋጉ ከነበሩት የማው ማው መሪዎች አንዱ ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተሰወረ። ተከታዮቹን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ገባ የሚለው ወሬ በኬንያ ዘመናትን ተሻገረ። በ2003 የኬንያ መንግሥት አንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ገበሬን «እርሱ ነው» በሚል ወደ ናይሮቢ ወስዶ በክብር ተቀበላቸው፤ የዘረመል ምርመራ ሲደረግ ግን ሰውዬው ማቴንጌ አለመሆናቸው ታወቀ። አረጋውያኑ ዛሬም ስለ ማቴንጌ እርስዎን መጠየቃቸው አያስገርምም። የሰዎቻቸው መጨረሻ የተመዘገበበት ወረቀት ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ባሕር ተሻግሯል። ኪማቲ ራሱ በፌብሩዋሪ 1957 በካሚቲ እስር ቤት ተሰቅሎ ምልክት በሌለው መቃብር ነው የተቀበረው።

ሰነዶቹ ከ2012 እስከ 2013 በየተራ ወደ እንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተዛውረው ዛሬ ለንደን ውስጥ ኪው በሚባለው ሠፈር ይገኛሉ፤ የተመዘገቡትም «ኤፍ.ሲ.ኦ. 141» በሚል መለያ ነው። የአንባቢ ካርድ በነጻ ይሰጣል፤ የዜግነት ገደብ የለበትም። አንዳንድ ገጾች እስካሁን እንደ ተከለከሉ መሆናቸውን ይወቁ። በናይሮቢ ሞይ ጎዳና ላይ፣ ቀድሞ የሕንድ ባንክ በነበረው ሕንጻ ውስጥ ያለው የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ደግሞ በአገር ውስጥ የቀሩትን የአውራጃ መዝገቦች ይዟል፤ ከቤትዎ ቅርብ ስለሆነ ከእርሱ ቢጀምሩ ይሻላል። ለዘመዶቻቸው ዕጣ የሚጨነቁትን አረጋውያን በዚያ መርዳት ከቻሉ ትልቅ ውለታ ነው።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። የግልጽነትን መርሕ እደግፋለሁ፤ ሆኖም አንድ ሥጋት አለኝ። በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ለቅኝ ገዥው የጠቆሙ፣ ሆም ጋርድ (የቅኝ ገዥው የአገሬው ተወላጆች ታጣቂ) ሆነው ወገናቸውን የወጉ ሰዎች ስም አለ። ልጆቻቸው ዛሬም ከተጎጂዎቹ ልጆች ጋር በአንድ መንደር ይኖራሉ። ሰነዱን ሁሉ መክፈት ቂምን መቀስቀስ አይሆንም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሥጋትዎ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ማው ማው በኪኩዩ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነትም ነበር፤ በማርች 1953 በላሪ የሆነው ይህን ያሳያል። የማው ማው ተዋጊዎች የመንግሥት ደጋፊ የሆኑ ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው በቤታቸው ውስጥ አቃጥለው ገደሉ፤ የመንግሥት ወገን የወሰደው የበቀል እርምጃም ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚህ በኋላ የጠቋሚ ስም ያለበትን ወረቀት ያለ ምንም ጥንቃቄ መበተን ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።

ጥንቃቄው ግን ምን ይመስላል? በሕይወት ያለ ሰው ስም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊሸፈን ይችላል። ሲሸፈን ግን ገጹ መኖሩ፣ የትኛው መስመር በምን ምክንያት እንደተሸፈነ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይም መታወቅ አለበት፤ ውሳኔውን የሚመረምር ከሚኒስቴሩ ውጭ የሆነ አካልም ያስፈልጋል። በሃንስሎፕ ፓርክ የሆነው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። የተሸፈነው አንድ ስም ወይም አንድ መስመር ሳይሆን የመዝገብ ቤቱ መኖር ራሱ ነበር። አንድ ሰው ስለመኖሩ ያላወቀውን ነገር ሊጠይቅ አይችልምና የመረጃ ነጻነት ሕግ በ2005 ሥራ ላይ ከዋለ በኋላም ቢሆን ሰነዶቹ ለስድስት ዓመታት አልወጡም።

«ጠቋሚዎችን ለመጠበቅ» የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ ትልልቆቹን ለመጠበቅ እንደሚያገለግልም ማስታወስ ያሻል። በ1957 የኬንያ ዋና ዐቃቤ ሕግ ኤሪክ ግሪፊዝ-ጆንስ እስረኞችን በጉልበት ስለማንበርከክ ለአገረ ገዥው ኤቭሊን ባሪንግ ሲጽፉ፣ ኃጢአት የምንሠራ ከሆነ በጸጥታ እንሥራ ብለዋል። ደብዳቤው ከተጻፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሆላ ግድያ ተፈጸመ፤ ዋና ዐቃቤ ሕጉም አሁንም እኚሁ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ተቆልፎ ሲቀመጥ የሚጠበቀው የመንደር ጠቋሚ ሕይወት አይደለም። እንዲያውም ትልቁ አዛዥ በሰነድ እጦት ነጻ ሲወጣ፣ ጥፋቱ ሁሉ ፊቱ በሚታወቀው በጎረቤት ላይ ያርፋል፤ እርስዎ የፈሩት የመንደር ቂም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው።

የተሻለ መንገድም አለ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1971 በካሜሩን ነጻነት ፈላጊዎች ላይ ያካሄደችውን ዘመቻ እንዲያጠና የፈረንሳይና የካሜሩን ተመራማሪዎች በጋራ የተቀመጡበት ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ በካሪን ራሞንዲ መሪነት የተሠራው ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ የታሪክ ጥናት በጃንዋሪ 2025 ቀረበ። ለተመራማሪዎቹ ምስጢራዊ መዛግብት ተከፍተውላቸዋል። በዚያው ዓመት በኦገስት ይፋ በሆነ ደብዳቤ ፕሬዚዳንት ማክሮን አገራቸው በካሜሩን ጦርነት ማካሄዷን አመኑ። የካሜሩን የነጻነት ትግል መሪ ሩበን ኡም ንዮቤ በጫካ ውስጥ ከተገደለ 67 ዓመት ሊሞላ ሲል የመጣ ቃል ስለሆነ እጅግ ዘግይቷል፤ ቢሆንም ሁለቱ አገሮች በአንድ ሰነድ ላይ ተቀምጠው የሠሩት በመሆኑ ለሌሎች መነሻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሮም ውስጥ እኖራለሁ። ልጆቼ እዚህ ተምረው ስለ አርበኞቻችንና ስለ ደብረ ሊባኖስ ምንም አልሰሙም። ስለ ጣሊያን ዘመን ታትሞ የወጣ፣ ለልጆቼ የማሳያቸው የመንግሥት ሰነድ አለ? (ከሮም)

መልስ፦ አለ፤ ያሳተመችውም ኢትዮጵያ ናት። የፍትሕ ሚኒስቴር ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን የቀረቡትን ማስረጃዎች በ1949 እና በ1950 በሁለት ቅጽ አሳትሟል። በጣሊያን በኩል በ1952 የተቋቋመው፣ የጣሊያንን ሥራ በአፍሪካ እንዲሰንድ የታሰበው የመንግሥት ኮሚቴ ብዙ ቅጾች ቢያወጣም፣ ሥራው በአብዛኛው የቀድሞ የቅኝ ግዛት ሹማምንት እጅ ላይ ስለነበር ግፉን የሚያሳይ መጽሐፍ አልሆነም። የመርዝ ጋዝ ጉዳይ እንኳ በመከላከያ ሚኒስትሩ በጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ አንደበት ለፓርላማ የታመነው በ1996 ነው፤ ይህም የሆነው አንጄሎ ዴል ቦካን የመሰሉ ጸሐፊዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል ስድብ ተቀብለው ከጻፉ በኋላ ነው።

ስለ ደብረ ሊባኖስ ግራዚያኒ በ1937 ለሮም በላካቸው ቴሌግራሞች ላይ የተገደሉት መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ሌሎች ሰዎች ድምር 449 ነው። በስፍራው የተጠና የኋላ ጥናት ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ያደርሰዋል። ስለዚህ ገዳዩ ራሱ የጻፈውን ቁጥር ለልጆችዎ ሲያሳዩ ዝቅተኛው መሆኑን ይንገሯቸው። ከላይ ከጠቀስናቸው ሁለት ቅጾች የመጀመሪያው የጣሊያን ሹማምንትን ቴሌግራሞችና መመሪያዎች፣ ሁለተኛው ደግሞ የኢትዮጵያውያን ምስክሮችን የመሐላ ቃል የያዙ ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍተው አንዱን ትእዛዝ ከአንዱ ምስክር ጋር እያገናኙ አብረዋቸው ያንብቡ።